ሳይቀመስ የተሰጠች ሞተር

ሳህሉ የሞተው እሁድ ረፋድ ላይ በጀጎል ፈላና በር ግንብ ሥር፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ በነዳት ሞተር ብስክሌት ነው። የፖሊሱ መቶ አለቃ ተክለጻድቅ ሲደርስ ሬሳው ጋቢ ለብሷል፤ ሞተሯም ረጅሙ የፊት እግሯ ተቆልምሞ አጠገቡ ተጋድማለች። ከከበበው ሰው አንዱ «አቤት ማማሯ!» ይላል። ሬሳውን ያየው የለም። ሰው እንዲህ ነው፤ የሞተውን ትቶ ብረቱን ያደንቃል።

ሳህሉ ከባሕር ማዶ መጽሔት ላይ ፎቶግራፍ ቀድዶ «እንዲህ ያለች ሥራልኝ» ብሎ ለመካኒኩ ለሙሜ ሰጠው። የፊት ጎማዋ ርቆ የሄደ፣ መሪዋ ከትከሻ በላይ የሚወጣ ሞተር ነበረች። ሙሜም አንዲት አሮጌ ሞተር አምስት ወር ሙሉ ቆራርጦ በየዳት። አሁን የሳህሉ እናት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ደረታቸውን እየደቁ «ብየዳው ነው ልጄን የበላው፤ ስቀሉልኝ!» ስላሉ ሙሜ በካቴና ታስሯል። ከተማውም በአፉ ሰቅሎታል፤ የቀረው ገመዱ ብቻ ነበር።

ተክለጻድቅ ግን ጎንበስ ብሎ አየ። ብየዳው አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ከእግር መርገጫው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ዘንግ ግን ዳዶ የሚባሉት ማጥበቂያዎቹ ወልቀው ተንጠልጥሏል። ይህንን ለማንም ሳይተነፍስ ወደ እስር ቤት ሄደ።

«ቀምሰህ ነው የሰጠኸው?» አለው ሙሜን።

«ወላሂ ቀምሼ ነው ጌታዬ! ቅዳሜ ከጋራዡ እስከ ቤታቸው ነድቻታለሁ። እግርዎን ወደፊት ዘርግተው ሲቀመጡ አልጋ ላይ የተጋደሙ ይመስልዎታል። ቀጥ ባለ መንገድ ንግሥት ናት። መታጠፍ ግን አትወድም።»

«ፍሬኗስ?»

«የኋላ ብቻ ነው፤ የፊት የላትም። በሁለት ዳዶ አጥብቄዋለሁ። አንዱ ቢላላ ሌላው ይይዛል።»

ከዚያ ወደ ለቅሶው ድንኳን ዘለቀ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«በቤቴ ያልተቀመሰ ጠጅ ለሰው ተሰጥቶ አያውቅም» አሉ። «ሞተሯንም ‹ለወንድምህ ቅመስለት› ብዬ እሁድ ጠዋት ከበደን አዘዝኩት፤ ታናሹ አይደል? አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ሳልጨርስ ሄዶ መጣ። ጎበዝ ነው ልጄ።»

«እንዴት ነበረች ከበደ?»

«ሰጋር በቅሎ በላት!» አለ ከበደ። «እስከ ፈላና በር ወረድኩ፤ እዚያው መንገዱ ላይ አዞርኳትና መጣሁ። ብየዳው ሊከዳ ነው ብዬ በምን ልጠርጥር?»

የሟች እጮኛ ለተማርያም መቶ አለቃውን እስከ ደጅ ሸኘችው። «መጀመሪያ ሽማግሌ የላከብኝ ከበደ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «እማማ ግን ‹ታላቁ ሳያገባ ታናሹ አያገባም› ብለው ለሳህሉ አጩኝ።»

ተክለጻድቅ ሙሜን በዘበኛ አስጠብቆ ሞተሯን በእሱው እጅ አስጠገነና በስድስተኛው ቀን ራሱ ተቀመጠባት። እውነትም ታምራለች! ሆዱ ሥር ትንጎደጎዳለች፤ ክንዱ ወደ ላይ ተሰቅሎ ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል። እንዲህ ባለ ቀን ደስ መሰኘቱ አሳፈረው። ቁልቁለቱን እስከ ፈላና በር ወርዶ ሊዞር ሲል ግን የፊት ጎማዋ አንዱን ግንብ፣ የኋላዋ ሌላውን ነካ። ሁለት በቅሎ ጎን ለጎን በማያሳልፍ የጀጎል መንገድ ላይ ተወትፎ ቀረ። ሦስት ሰዎች ጅራቷን አንስተው አዞሩለት።

በሰባተኛው ቀን ሁሉንም በለቅሶው ቤት ደጃፍ ሰበሰበ። ሙሜም በካቴናው ቆሟል።

«ብየዳው ታድሷል» አለ ተክለጻድቅ። «ከበደ፣ ውጣባትና ያን ዕለት እንዴት እንዳዞርካት አሳየን።»

ከበደ ወዙ ጠፋ፤ ግን ሰው እያየው ነውና ተቀመጠ። ሁለት ፖሊሶች ከኋላ ገፏት። ሞተሯ ቁልቁለቱን ስትጀምር እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ ጮኸ።

«ያዙኝ! ፍሬን የላትም! ፍሬኗ ተፈትቷል!»

ያዙት።

«ፍሬኗ ተሠርቷል፤ አልረገጥከውም እንጂ ይይዝ ነበር» አለ መቶ አለቃው ረጋ ብሎ። «አገሩ ሁሉ ብየዳውን ሲወቅስ፣ ፍሬኗ መፈታቱን ከእኔና ከሙሜ በቀር ማን ያውቅ ነበር? ስማኝ። ሁለት ዳዶ በአንድ ቀን ተንቀጥቅጦ አይወልቅም፤ ሰው ይፈታዋል። ቅዳሜ ሙሜ ሲነዳት ደህና ነበረች። ከዚያ ወዲያ ሳህሉ እስኪወጣባት ድረስ ይዟት ከግቢ የወጣ አንተ ብቻ ነህ። ‹መንገዱ ላይ አዞርኳት› አልክ፤ እዚያ መንገድ ላይ አትዞርም። እናትህ አንድ ጸሎት ሳይጨርሱ ተመልሰሃል፤ በዚያ ጊዜ ከበሩ ደርሶ የሚመለስ የለም። ከአጥሩ ጥግ ኋላ አቁመህ እያስጮህካት ዳዶዎቹን ፈታህ። ከዚያ ‹ቀምሻለሁ› ብለህ ለወንድምህ ሰጠኸው።»

ከበደ ወደ እናቱ ዞረ። «ለተማርያም የእኔ ነበረች። እርስዎ ነዎት የነጠቁኝ።»

ለተማርያም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ተክለጻድቅ ካቴናውን ከሙሜ እጅ አውጥቶ በከበደ እጅ አስገባው።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ አላለቀሱም። መቶ አለቃውን እጅጌውን ያዙት።

«ምን አደረግኩህ አንተ ሰው? አንዱን ቀበርኩ፤ አንዱ ቀርቶልኝ ነበር። ማን መርምርልኝ አለህ? መካኒኩ ይበቃኝ ነበር።»

ሙሜ የእጁን አንጓ እያሻሸ ሁለት እርምጃ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ከለቀስተኛው መሃል ግን አንድም ሰው «ኧረ ነውር ነው» አላላቸውም።