ከትከሻ በላይ የማይነሳ ክንድ

ኦርቪል ስታምፐር በገዛ በረንዳው ላይ፣ ከመሰላል ሥር ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። አንድ አምፖል ከጎኑ ወድቋል፤ ሌላ አምፖል በአካባቢው የለም። መርማሪ ዋንዳ ኮምብስ ከመኪናዋ ስትወርድ ሦስቱ ቅርብ ሰዎቹ ሬሳውን ትተው ስለ ካሳው ይነታረኩ ነበር። በልቧ ተፋችባቸው።

የድንጋይ ከሰል መኪና የኦርቪልን አንገት ከሰበረው ወዲህ ያሳከመው ለድሆች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ነው። የመኪናው ድርጅት ካሳውን ሲከፍል ደግሞ መንግሥት ለሕክምናው ያወጣውን ከዚያው ላይ ይጠይቃል። የኬንታኪ ሰው ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል።

«መሰላል ላይ ወጣ ከተባለ እኮ አባቴ አጭበርባሪ ነበር ማለት ነው!» አለች ልጁ ጆሊን እያለቀሰች። «ጸጉሩን እንኳ የማበጥርለት እኔ ነበርኩ። ስሙን ይዞ ይቀበር፤ ሌላ አልፈልግም።»

ዋንዳ አዘነችላት፤ ከተጠርጣሪነት ግን አላወጣቻትም። እንባ ለማንም አይከለከልም።

ጠበቃው ፔትሪ ክራቫቱን አስተካከለ። «ከአደጋው ወዲህ የትኛውም ክንዱ ከትከሻው በላይ አይነሳም፤ በየሐኪሙ ደጅ ይዤው ዞሬያለሁ። ደግሞ እኔ ድርሻዬን አስቀድሜ ወስጃለሁ፤ ሞቱ ምን ይጠቅመኛል?»

«አይጠራጠሩ፣ አስቀድመው እንደወሰዱ አውቃለሁ» አለችው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ራንደል ትንባሆውን እያኘከ ቀረበ። «ወንድሜ ቂል ነበር፣ ዋንዳ። ‹ነፍሴን ያቆየው የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ መጀመሪያ የእነሱን› ብሎ እሑድ ምሳ ላይ፣ ጠበቃው ባለበት አወጀልን። በኑዛዜው እኔና ጆሊን እኩል ወራሾች ነን፤ ማን ጠየቀን?»

«መሰላል መውጣቱስ አልገረመህም?»

«አምፖል ሲቃጠል ይቀየራል። ምን ይገርማል?»

ዋንዳ ጓንቷን አጥልቃ አምፖሉን ወደ ቦታው መለሰችና ማብሪያውን ተጫነች። በረንዳው በብርሃን ተሞላ።

ከቀብሩ ማግስት ሦስቱን በኦርቪል ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ራንደል ለሐዘንተኛ የመጣውን ዶሮ ይግጣል።

«አምፖሉ ደህና ነው» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ማንም ሊቀይረው አልወጣም፤ ግንባሩ ላይ ያለውም ቁስል ፊት ለፊት የተመታበት እንጂ የወደቀበት አይደለም፤ መሰላሉን ያቆመው ገዳዩ ነው። ጆሊን ብትሆን ‹መታጠቢያ ቤት አዳልጦት ወደቀ› ትል ነበር፤ ክንዱን ታውቀዋለች። አቶ ፔትሪም እንዲሁ፤ እንጀራው ያ ክንድ ነው። ክንዱ የማይነሳን ሰው ጣሪያ የሚያስነካ ማነው? ጉዳቱን ለካሳ ሲል አስመስሎ ነው ብሎ ያሰበ ሰው! መሰላል ወጣ ሲባል ያልተገረመ አንድ ሰው ብቻ ነው። አምፖሉ ላይ የተገኘውም የጣት አሻራ የአንተ ነው፣ ራንደል።»

ራንደል አጥንቱን አስቀመጠ። ዞር ብሎ በሩን አየ፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ሁሉም ያስመስላል!» ብሎ ጮኸ። «አንገቱን አስሮ ፍርድ ቤት ገብቶ፣ ከዚያ ዓሣ የሚያጠምድ ስንት አይቻለሁ! ደግሞ ያንን ሁሉ ገንዘብ ሊበትነው ነበር። ከሞተ ሰው መንግሥት ምን ይጠይቃል ብዬ ነው!»

ፔትሪ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሕይወት ቢኖር የሚወስዱት ለሕክምና ከተከፈለው ድርሻ ብቻ ነበር። እንደ እሱ ሃምሳ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ከሞተ ግን ከውርሱ ሁሉ ይጠይቃሉ።»

ዋንዳ ሳቀች፤ ደስ ብሏት አልነበረም። ጠበቃውም ቢሆን ይህን እሑድ ምሳ ላይ መናገር ይችል ነበር፤ ለምክሩ የሚከፍለው ሰው ስላልነበረ ግን አልተናገረም።

«እውነት አይነሳም ነበር?» አለ ራንደል፣ ካቴናው ሲገባለት።

ጆሊን ከወንበሯ ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

«ፊት ለፊት ቆመህ ግንባሩን ስትመታው፣ አጎቴ፣ እጁን አነሣ?»