ከመድን ግቢ የወጣው ፒክአፕ

አምባው ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ ማንኪራ ቀበሌ መንገድ ዳር ሞቶ ተገኘ። ንብ አርቢ ነበር። ማር የያዘው እንስራ ተሰባብሯል፤ ማሩ ከደሙ ጋር ጭቃው ላይ ፈሷል። የገጨው መኪና አልቆመም።

መኪናው ግን ሩቅ አልሄደም። ከቦንጋ መግቢያ በታች ጫካ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። ነጭ ፒክአፕ ነው። ባለቤቱ ሰብሪያ ትባላለች፤ ቦንጋ ገበያ ጨርቅ ትነግዳለች።

ሳጅን ዓለሙ ሱቋ ሲደርስ ሰላምታም አላስቀደመ። መኪናውን የሚነዳውን ወንድሟን ተማምን በካቴና አሰረው።

«ሳጅን፣ መኪናዬ እኮ ኢንሹራንስ ግቢ ነው የቆመው!»

«ጫካ ውስጥ ነው የቆመው» አላት።

ሰብሪያ እውነቷን ነበር። ክረምት ሳይገባ መናኸሪያ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ወደኋላ ሲል ፒክአፑን ገጨው። መከላከያው ታጠፈ፤ አንድ የፊት መብራት ረገፈ፤ ሌላ ነገር አልነካውም። የመድን ድርጅቱ ኃላፊ አቶ ቀጸላ፣ «ኢንጂነር ከጅማ መጥቶ ሳያየው አይነካም። ግቢ አቁሙትና ቁልፉን ተዉልን» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ዝም። ክረምቱ ወጣ፤ ረመዳንም አለፈ። ስልክ ብትደውል የሚያነሳ የለም። በአካል ስትሄድ ጥበቃው ባፈና የበሩን መዝጊያ ገርበብ አድርጎ፣ «ስብሰባ ናቸው» ይላታል። አንድ ቀን ቀጸላን መንገድ ላይ ብትይዘው፣ «ጉዳዩ ፕሮሰስ ላይ ነው» ብሏት አለፈ።

ሳጅን ዓለሙ ይዟት ወደ መድን ቢሮው ሄደ። ቀጸላ ከወንበሩ አልተነሳም።

«እትዬ ሰብሪያ መኪናቸውን ከወሰዱ ቆዩ። ወንድማቸው ነው የነዳው። ባፈና፣ አይደለም እንዴ?»

ባፈና መሬት መሬት እያየ፣ «አዎ፣ ጌታዬ» አለ።

ሰብሪያ ደሟ ፈልቶ ባፈና ላይ ጮኸች። «አንተ ነህ! ቁልፉ አንተ እጅ ነው፣ አከራይተኸው ነው!»

«እኔ? ኧረ በእግዜር! መኪና መቼ ነድቼ አውቃለሁ?»

«ሁለት ሰው መስክሮብሻል» አለ ሳጅን። «አንቺ ማን አለሽ?»

ማንም አልነበራትም። ወደ ሱቋ ተመለሰች። መብራት ጠፍቶ ገበያው ጨልሟል፤ የሷ ሱቅ ግን ይበራል። አምፖሉን የሚያበራው ባንኮኒው ስር ያለው የመኪና ባትሪ ነው። ተማም ፒክአፑን ያቆመ ዕለት፣ «ቆሞ ከሚሞት» ብሎ ነቅሎ ያመጣው ነው።

ሰብሪያ ባትሪውን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ሱቋን እንኳ ሳትዘጋ ሮጠች።

«ሳጅን፣ የመኪናዬ ባትሪ እኔ ቤት ነው! ታዲያ በምን ተነሳ?»

ዓለሙ ሊያባርራት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ተወው። ከጫካው ተጎትቶ ፖሊስ ጣቢያ ጓሮ የቆመውን ፒክአፕ ኮፈን ከፈተ። ባትሪ አለው። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም የድርጅቱ ስምና የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል።

ወዲያው ወደ መድን ግቢው ተመለሱ። የድርጅቱ መኪና ሸራ ለብሶ ቆሟል። ዓለሙ ሸራውን ገፎ ኮፈኑን አነሳ። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው።

«ባፈና፣ እንግዲህ ተናገር» አለ ሳጅን።

ባፈና ወደ ቢሮው መስኮት ጠቆመ። «አቶ ቀጸላ ከሥራ አባርርሃለሁ ብለውኝ ነው። እሳቸው ናቸው የሚነዱት። ከዋጫ ከተማ ቡና ያመጡበታል።»

ቡናው ያለ ፈቃድ የሚነገድ ነበር። የድርጅቱን መኪና ኬላ ላይ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሰብሪያን ግን ማንም አይጠረጥረውም። አምባው የሞተ ዕለት ቀጸላ ኬላውን በማንኪራ በኩል ሊሸሽ ጎህ ሳይቀድ ነዳ። በአንድ መብራት።

«ኢንጂነሩን ለምን አልጠራህም?» አለው ዓለሙ ካቴናውን ሲያጠልቅለት።

«ከተጠገነ ይወስዱታላ» አለ ቀጸላ፤ ሞኝ ጥያቄ የተጠየቀ ይመስል።

ተማም ተፈታ። ሰብሪያ ግን ደስ አላላትም። በማግስቱ ማንኪራ ለቅሶ ሄደች። ማን እንደሆነች ሲታወቅ ለቀስተኛው ፊቱን አዞረባት። የአምባው ሚስት ተሾመች ብቻ ቀና ብላ አየቻት።

«መኪናው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ለምን ሰው ግቢ ተውሽው?»

«ዛሬ ነገ እያሉኝ፣ እናቴ።»

«የሟች ካሳ የሚከፍለው መድን ነው ይሉኛል። ቢሮው የቱ ነው?»

«እዚያው መኪናዬ የቆመበት ግቢ ነው። ሌላ የለም።»

«እኔንም ዛሬ ነገ ሊሉኝ ነዋ!»

«አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«በሩን ቢዘጉብንስ?»

ሰብሪያ ነጠላዋን አጥብቃ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ሰው እንዳይገባ እንዳይወጣ አድርገን በሩ ላይ እንቀመጣለን።»