በስማቸው ያለችው ሐ

ማክሰኞ ታኅሣሥ 16 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ፣ የፀሐይነሽ ባለሦስት ጎማ ወንበር የቢቸናን ሜዳ ለቆ ተነሳ።

ወንበሩን ከቀጭን ቧንቧ በይዳ የሞተር ሳይክል ሞተር ከጀርባው ያሰረችው፣ ማራገቢያውንም ከዋንዛ የጠረበችው ራሷ ናት። ከላይ የሚያንሳፍፋትን ፓራሹት ግን የሞጣው ልብስ ሰፊ ጋሽ ሙሐመድሁሴን ናቸው የሰፉላት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወርዶ፣ «የእኔ ጭልፊት፣ ይህ ሲበር ሳላይ አልሞትም» ይሏት ነበር። ትናንት ልጃቸው ሳብሪያ ደወለች። «አባቴ ምግብ ካቆመ ሦስት ቀኑ ነው። የምትመጪ ከሆነ ነገ ነይ።»

ከኋላዋ የባጃጅ ሹፌሩ ስጦታው ተቀምጧል። ክብደት እንዳይበዛ ቁርስ ከልክላዋለች።

«ሳልበላ ሰማይ ልግባ እንዴ?»

«ቅዳሴም ሳትበላ ነው የምትገባው። ዝም ብለህ ተቀመጥ!»

ግንደወይንን እንዳለፉ ከጮቄ የወረደ ነፋስ ጎናቸውን መታቸው። ጠዋት ትንሽ ወደ ግራ ሲጎትታት «ነፋስ ነው» ብላ ያለፈችው ነገር አሁን እንደ በሬ ጎተታት። የፓራሹቱ የግራ ጫፍ እንደ ታጠበ ነጠላ ተጨማደደ። የቀኙን እጀታ በሁለት እጇ ሳበች፤ ወንበሩ ተወዛወዘ፤ ሸለቆው ከእግራቸው ሥር ተከፈተ።

«ፀሐይ፣ ገደሉ!»

«አይቼዋለሁ!»

«እሱም አይቶናል!»

ሞተሩን አጠፋች። የታጨደ ማሳ ላይ ነጥረው፣ ተንሸራተው፣ ከአንድ የጤፍ ክምር ሁለት ክንድ ሲቀራቸው ቆሙ። ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ ከገደሉ አፋፍ የጭላዳ መንጋ ብቅ አለ። ጎፈሬው የተንዠረገገ አውራ ጨርቁን ይዞ መጎተት ጀመረ። ስጦታው የራስ ቁሩን እየደበደበ ተንደረደረበት፤ አውራው ጥርሱን አሳይቶት፣ ጨርቁን ጥሎ ወደ ገደሉ ወረደ።

ከጭላዳው የባሰው ግን ዱላ ይዞ የመጣው የክምሩ ባለቤት ፋንታ ነበር። «ክምሬ ላይ እሳት ይዛችሁ ትወርዳላችሁ? ከዚህ ንቅንቅ የለም!»

ፀሐይነሽ አልሰማችውም። የግራውን ጫፍ ገልብጣ ታያለች። ባለፈው ወር ተቀዶ ሞጣ የታደሰው ይህ ጫፍ ነው። ገመዶቹ የሚታሰሩባቸው የጨርቁ ቀለበቶች ሁሉ በፊደል የተለዩ ናቸው፤ የፊተኛው ሀ፣ የኋለኛው ሐ። እዚህ ግን ፊደሎቹ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ እሷም ትናንት በችኮላ ፊደሉን ብቻ አይታ ነበር ያሰረችው። ስልኳን አወጣች።

«ጋሽ ሙሐመድሁሴን፣ ‹ፊተኛው ላይ ሀ ይስፉ› ስልዎት የትኛዋን ነው የሰፉት?»

ሳል ተሰማ። «በስሜ ከሙ ቀጥላ ያለችዋን ነዋ፣ የእኔ ጭልፊት። የቀረችዋን ከኋላ አደረግኳት።»

የመሪጌታ ልጅ ሆና፣ ሃሌታው ሀና ሐመሩ ሐ እየተባለ ሲለይ እየሰማች አድጋ፣ ያኔ በስልክ «ሀ» ብቻ ብላ ዘግታ ነበር! ቋጠሮዎቹን በጥርሷ ፈትታ ገመዶቹን አቀያይራ አሰረች።

ፋንታ ዱላውን ዝቅ አደረገ። «ማን ናቸው? የሞጣው ሙሐመድሁሴን?»

«አዎ፤ በሕይወት ሳሉ ልንደርስላቸው ነው።»

«የሰርግ ኮቴን የሰፉልኝ እኮ እሳቸው ናቸው!» ዱላውን ጣለ። «ምኑን ልያዝላችሁ?»

ሞተሩ ተነሳ፤ ፋንታ ጫፉን ይዞላቸው ከጎናቸው ወደ አፋፉ ሮጠ። መሬቱ አለቀ፤ ጨርቁ ሞላ። አሁን ቀጥ ብሎ በረረ።

ሞጣ ላይ ሳብሪያ የአባቷን አልጋ ደጅ አውጥታ ነበር። ፀሐይነሽ ሦስት ጊዜ ዞረችላቸው። አርፋ እየሮጠች ስትመጣ ጋሽ ሙሐመድሁሴን ያዩት የነበረው እሷን ሳይሆን ስፌቱን ነው።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነፋስ ነው ብዬ አለፍኩት።»

እጇን ያዙ። «ነፋስ ምን አደረገሽ? ፊደል በስልክ አይነገርም፣ ልጄ።»

ዐርብ ዕለት ከጁምዓ በፊት ዐረፉ። ፀሐይነሽ እሳቸው ያደሱትን የግራ ጫፍ አልነካችውም፤ በቀኙ ጫፍ ግን ፊደሎቹን ፈትታ፣ እንደ እሳቸው ከኋላ ሀ፣ ከፊት ሐ ሰፋችበት።