የኦቾሎኒ ሻጩ የልጅ ልጅ

«ይህ ቤት የአያቴ ነበር። ከመርከብ የወረደውን ቻይናዊ ሁሉ ያሳድር የነበረው እሱ ነው» አለች ዋይሊንግ፣ የተሰቀለውን የቤት ፎቶ እየጠቆመች። ተጨበጨበላት።

ሰገነት ከኋላ ወንበር ሆና አላጨበጨበችም። ዋይሊንግ ጓደኛዋ ናት፤ ግን ጓደኛ ሲጨበጨብለት ችሎ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። ካተንድሬኽት፣ የሮተርዳም ወደብ ዳር ያለው የድሮ የቻይናዎች ሰፈር፣ ግማሹ ሊፈርስ ነው። የታሪክ አስተማሪያቸው ሜነር ፎስ «ሳይፈርስ ታሪኩን እናትርፍ» ብሎ ክፍሉን ሁሉ ለዐውደ ርእይ አሰማራ። ለዋይሊንግ ትልቁን ግድግዳ ሰጣት፤ ሰገነትን ሙጫ አስያዛት። የሰው አያት ስትለጥፍ ሰነበተች። የእሷ አያት ጎንደር ናቸው፤ አንድ ፎቶ እንኳ የላቸውም።

ይባስ ብሎ የዋይሊንግ ወሬ ውሸት ነው፤ ቤቱ የአያቷ አልነበረም። እናቷ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ትላለች፤ ዋይሊንግ ግን ይኸው ደምቃለች።

ሰገነት እውነቱን የምታውቀው በጾም ምክንያት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ እናቷ በየቅዳሜው ወደ ዋይሊንግ አያት፣ ወደ ኦፓ ሊዩ፣ ትልካታለች። የሚሠሩት የኦቾሎኒ ጣፋጭ ቅቤም ወተትም የለበትም፤ ለጾመኛ ሁነኛ ነው። ኦቾሎኒው እስኪቆላ ኦፓ ያወሯታል፦ ሥራ ሲጠፋ መርከቡ እንዴት ጥሏቸው እንደሄደ፣ በፎቶው ላይ ባለው ቤት አንዲት ክፍል ተከራይተው ከሌሎች ጋር ተደራርበው እንዴት እንዳደሩ፣ የቆርቆሮ ሣጥን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በዝናብ እንዴት ኦቾሎኒ እንደሸጡ። «የልጅ ልጄ ይህን መስማት አትወድም» ብለዋታል አንዴ፣ እየሳቁ።

ዛሬ ኦፓ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ዋይሊንግ «ቤታችን» ባለች ቁጥር መሬት መሬት ያያሉ።

«ጥያቄ ያለው? ሰኞ የዐውደ ርእዩን ጽሑፍ ለቤተ መጻሕፍቱ እናስረክባለን» አለ ሜነር ፎስ።

የሰገነት እጅ ወጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የዋይሊንግ ፊት ይቀላል፣ ክፍሉ ይስቃል። ደስ ይላል፤ ለምን ይዋሻል፣ በጣም ደስ ይላል።

«እሺ፣ ሰገነት?»

ኦፓ ዞር ብለው አዩዋት። አልተቆጧትም፣ አልለመኗትም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቁ።

«ምንም» አለች። «ረሳሁት።»

ሲወጡ ዋይሊንግ በር ላይ ያዘቻት። ፊቷ ገርጥቷል። «ምን ልትጠይቂ ነበር? አቦ ንገሪኝ።»

«አያትሽ ኦቾሎኒ ሲቆሉ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ ባክሽ፣ ሽታው ጸጉር ውስጥ ይገባል እኮ።»

ግድግዳው የዋይሊንግ ቢሆንም ቅዳሜ የሰገነት ነበር። ኦፓ ያን ሁሉ የሚያወሩት ለእሷ ብቻ ነው። ማካፈል አልፈለገችም፤ ከምር አልፈለገችም።

«ነገ ቅዳሜ ነው፣ እሄዳለሁ» አለች ሰገነት በመጨረሻ። «አብረን እንሂድና አንቺ ግቢ። እኔ ደጅ እጠብቃለሁ፤ ጽሑፉ ሰኞ ሳይሰጥ ስለ ቤቱ አንቺን ያውሩሽ።»