መስኮቱ ላይ የነበረው መድኃኒት

እጇን እስከ ክርኗ የአክስቷ ቦርሳ ውስጥ ከታ ስትበረብር በሩ ተከፈተ።

«ኧረ ጉድ! መርማሪ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ምን ጠፋብሽ?» አለች አክስቷ።

ቤተሰቡ «መርማሪ» የሚላት ያለ ነገር አይደለም፤ ካልሲ እንኳ ቢጠፋ ተጠርጣሪ ሳታገኝለት አትተኛም። ዛሬ የጠፋው ግን ሳንባ ምች የያዘው የታናሽ ወንድሟ መድኃኒት ነው። ነርሷ ለሰባት ቀን ብላ ከሰጠችው ገና አራት ቀኑ። ትናንት ማታ ዘጠኝ ፍሬ መስኮቱ ላይ ነበር። አሁን መስኮቱ ባዶ ነው። አክስቷ ደግሞ ራሷን ባመማት ቁጥር «ትርፍ ክኒን የለም?» እያለች ጎረቤት ለጎረቤት የምትዞር ሴት ናት። ከእሷ የበለጠ ተጠርጣሪ ከየት ይመጣል?

«አክስቴ፣ የልጁን መድኃኒት መልሺ።»

«እኔ? ለጉሮሮዬ ሁለት ብለምናት እንኳ እናትሽ ከልክላኛለች! ሂጂ እሷን መርምሪ።»

እናቷ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀና ሳትል የአዝራር ማስቀመጫውን ቆርቆሮ በአገጯ አሳየቻት። ዘጠኙም እዚያ ናቸው።

«ትኩሳቱ ለቀቀው እኮ። ይኸው ግቢውን እያመሰው ነው። የቀረውን ለሌላ ጊዜ አስቀመጥኩት።»

«ነርሷ ሰባት ቀን አላለችም?»

«እሷ በአፏ ነው ያለችው። የአንቺ ጽሑፍ ግን ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ‹ሳያስፈልግ መድኃኒት አይወሰድ› ብለሽ የለ? ልጁ ተሽሎታል፤ ታዲያ ምን ያስፈልገዋል? የእኔ ልጅ የጻፈችው ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳሳይ ነው የከረምኩት።»

መርማሪ ጆሮዋ ጋለ። ጽሑፉ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥቶ ተጨብጭቦለታል። ስትጽፈው በሐሳቧ የነበረችው ለጉንፋኑም ለድካሙም ክኒን የምትቅመው አክስቷ ነበረች። እናቷ ትዝም አላለቻት።

«እማ፣ ትኩሳቱ ቢለቀውም ጀርሙ አላለቀም። አሁን ካቋረጥነው የተረፉት በርትተው ይመለሳሉ። ያኔ ይሄ መድኃኒት ላይችላቸው ይችላል።»

እናቷ የያዘችው ሸሚዝ እጇ ላይ ቀረ።

«ታዲያ ይሄን ለምን አልጻፍሽውም?»

መርማሪ ከቆርቆሮው አንድ ፍሬ አነሳች። ወንድሟን ከግቢ ጎትታ አስገባችና የጠዋቱን አስዋጠችው። ከዚያ አዲስ ወረቀት ዘርግታ፣ «የታዘዘልዎትን መድኃኒት ቢሻልዎትም እስኪያልቅ ይዋጡ» ብላ በትልቁ ጻፈች። የሚያጨበጭቡላት አስተማሪዋ ጋ አልወሰደችውም።

«እማ፣ እስቲ አንብቢውና ምን እንደምታደርጊ ንገሪኝ። አክስቴ፣ አንቺም ነይ!»

አሁን የምትጠረጥረው የገዛ ጽሑፏን ነበር።