የህሊና ግራ እግር

«ዝሆኔ ነው፤ ይጋባል» ይላሉ እትዬ ለምለም። ስደተኛ ሐበሻ በሚበዛበት በዴም ሰፈር ውስጥ ካለችው ሱቃቸው ስኳር የገዛ ሁሉ ይህንንም ወሬ ምርቃት ይዞ ይወጣል። የህሊና ግራ እግር አምና፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ማበጥ ከጀመረ ወዲህ ወሬው ቆሞ አያውቅም።

«ሴትዮዋ እኮ ሦስቱም ጎማቸው የማይፈነዳ ረክሻ ናቸው» ትላለች ህሊና።

ዶክተር ኒዕማ ግን መጀመሪያ ያየችው እግሯን ሳይሆን ዓይኗን ነበር። የህሊና ሽፋሽፍት ሁለት ረድፍ ነው፤ የሟች አባቷም እንደዚያው ነበር። «ይሄና እብጠቱ የአንድ ጂን ሥራ ናቸው» አለቻት በዐረብኛ። ከሰውነት የተረፈውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ጂኑ ሲበላሽ ቱቦዎቹ በደንብ አይሠሩም፤ ፈሳሹም እግር ላይ ይጠራቀማል። የደም ምርመራው ይህንኑ አረጋገጠ።

ህሊና ለዴም ሁሉ ልታወራ ከክሊኒኩ ስትሮጥ እናቷ ክንዷን ጨበጠቻት።

«ትንፍሽ እንዳትዪ! በዘር የሚሄድ በሽታ አለባቸው ከተባለ እህትሽን ማን ያገባታል? የእጮኛዋ የፍሰሐ ቤተሰቦች እኮ ዘር ቆጥረው ነው የመጡት።»

«እና እሷ እንድታገባ እኔን የሚጋባ በሽታ አለባት ይበሉኝ?»

«ሰርጉ እስኪያልፍ ነዋ! ሐሙስም ከቤት እንዳትወጪ።»

ጸሎተ ሐሙስ ቄሱ የምእመናኑን እግር የሚያጥቡበት ቀን ነው። ህሊና የእግሯን ፋሻ ፈታች፤ ነጠላዋን ለበሰች፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዳም ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። ግራና ቀኝ ያሉት ፈቀቅ፣ ፈቀቅ አሉ።

ሳፋው እሷ ጋ ሲደርስ እትዬ ለምለም ከኋላ ጮኹ። «አባ፣ እሷስ ትቆይ! በዚያ ውሃ እኛም እንታጠባለን!»

የቄሱ እጅ ባለበት ቀረ። ህሊና ዞር ብላ እናቷን አየቻት። እናቷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ራሷን ትነቀንቃለች። እባክሽ፣ እባክሽ።

ህሊና ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አደረገች።

«ይሄ ከአባቴ የወረስኩት ነው፣ እትዬ ለምለም። የኔ ልጅ ካልሆኑ በቀር ለእርስዎ አይደርስዎትም።»

አንዷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ህሊና እግሯን ሳፋው ላይ ዘረጋች። ቄሱ የወይራውን ቅጠል ውሃው ውስጥ ነከሩና ጎንበስ አሉ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።

እናትና ልጆች ወደ ቤት ሊመለሱ ረክሻ ተሳፈሩ። እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «ኸላስ፣ አበቃ! ሰርጉ ቀረ። እስካሁን ፍሰሐ ጆሮ ደርሷል።»

ታላቅ እህቷ ሰብለ በረክሻው ክፍት ጎን ውጪውን እያየች ነበር።

«ፍሰሐማ ያውቃል» አለች። «ዶክተሯ የነገረችን ዕለት ነው የነገርኩት። ለእናት ለአባቱም እሱ ራሱ ነገራቸው።»

እናቷ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «ምን አሉ?»

«ድንኳን የት እንደሚከራይ ጠየቁ።»