ኸይማው ኸላስ

«ሲቲና! ኸይማው ስንት ሰዓት ይመጣል አልሽኝ?»

ሲቲና የጣሪያው ጠርዝ ላይ ቆማ ባሕሩን ታያለች። ጥያቄውን ሰምታለች፤ ግን ያልሰማች መሰለች። ከፋናር ኮረብታ ቁልቁል ቤሩት እስከ ባሕሩ ድረስ ተዘርግታለች፤ ከባሕሩ በላይ ደግሞ ጥቁር ደመና ተጋድሟል። ከአንድ ሰዓት በፊት ይሄን ያህል አልነበረም። ወይስ ነበር?

«አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽን ምን ደፈነው?» አለች እናቷ ረሺዳ፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹን በጨርቅ እየወለወለች።

«ነገ… ጠዋት» አለች ሲቲና።

«ጠዋት ስንት ሰዓት?»

«ጠዋት ነዋ እማ! ጠዋት!»

«እሺ በቃ፣ ምን ያስጮህሻል?» ረሺዳ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ ወንበሮቿ ተመለሰች።

ነገ የነስሪያ ሰርግ ነው። ነስሪያ የረሺዳ የሥጋ እህት አይደለችም፤ ግን ሲቲና ዳዴ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ኖረዋል። ሲቲና መጀመሪያ ትምህርት ቤት የገባች ቀን እጇን ይዛ የወሰደቻት ነስሪያ ናት፤ እናቷ የዚያን ቀን ራስ ቤሩት የሰው ቤት ታጸዳ ነበር። አሁን ሲቲና አስራ አራት ዓመቷ ነው፤ ለነስሪያ ዛሬም ያቺው እጇን የምትይዛት ልጅ ናት።

ታዲያ የዚህች ሴት ሰርግ የተቆረጠው በየካቲት ነው፤ የቤሩት ዝናብ በሚብስበት ሰሞን። ምን አጣደፋችሁ ያላላቸው ሰው የለም። መልሱ አጭር ነው፤ ረመዳን ሊገባ ነው፣ ከነገዋ እሁድ በኋላ ሌላ እሁድ የለም። ከእሁድ ውጭ ደግሞ ከአሠሪ ማዳሟ ቤት የምትለቀቅ ሴት የለችም። አዳራሽማ አይታሰብም። ሙሽራው አብዱልገኒ የዚህ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ናጡር ነው፤ ያኒ ጠባቂውም፣ ደረጃ አጣቢውም፣ ቆሻሻ አውጪውም እሱ ነው። የሚኖርባት ክፍል ሁለት ሰው ከተቀመጠ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ናት። የሕንፃው ባለቤት ጣሪያውን ፈቀደላቸው። አርባ ሰው፣ ጣሪያ ላይ፣ በየካቲት!

ረሺዳ ለዝናቡ መዘጋጀት የጀመረችው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። የምትመጣዋ እንግዳ ሁሉ የማዳሟን ጃንጥላ ይዛ እንድትመጣ በስልክ ተነግሯታል። የሙሽራዋ ቀሚስ ጭራ ደረጃ ላይ እንዳይረጥብ የሚጠቀለልበት ትልቅ የቆሻሻ ላስቲክ፣ አዲስ፣ ያልተነካ፣ ተገዝቶ ተቀምጧል። ትርፍ ካልሲ በሽ ነው። ፎጣ በሽ ነው። «ዝናቡ ይምጣ፣ እኔን አያገኘኝም!» እያለች ትፎክራለች። ይሄ ሁሉ ፉከራ ግን አንድ ነገር ተማምኖ ነው፤ ጣሪያውን ሙሉ የሚሸፍነውን ኸይማ፣ ድንኳኑን። እሱን የተከራየችው ደግሞ ሲቲና ናት።

ተከራየች ነው የሚባለው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በቤታቸው አረብኛን እንደ አገሬው የምታቀላጥፈው ሲቲና ብቻ ናት፤ በክፍሏ በአረብኛ ድርሰት የሚቀድማት የለም። ስለዚህ ስልክ መደወል የእሷ ሥራ ነው። ለሐኪም እሷ፣ ለቤት አከራይ እሷ፣ ለጋዝ ሻጩ እሷ። ከሁለት ሳምንት በፊትም ድንኳን ለሚያከራየው ለአቡ ኢልያስ ደወለች። ሰውየው መጀመሪያ ማር ነበር። «እሺ ማድሞዋዜል፣ በደስታ ማድሞዋዜል» ይላታል። ኋላ ላይ «ሰርጉ የማን ነው?» አለ።

«የናጡሩ ነው» አለች። «ሐበሻ ነው።»

የሰውየው ድምፅ ተለወጠ። «አሃ። እንግዲያው ማዳምሽን አቅርቢልኝ የኔ ልጅ፣ ከእሷ ጋር እነጋገራለሁ።»

በቃ፣ ያ ሁሉ ማድሞዋዜል የት ገባ? ሲቲና እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ማዳም የለኝም፣ እኔ ተማሪ ነኝ ልትለው ፈለገች፤ ያ ሁሉ አረብኛ ግን ከአፏ ጠፋ። ስልኩን ዘጋችበት። ገና በሩን ከፍታ ስትወጣ ነስሪያ ተቀበለቻት። «ደወልሽ? ምን አለሽ? ተስማማችሁ? ንገሪኛ!» ስትል፣ ሲቲና እጇን አወናጭፋ «ኸላስ!» አለቻት።

ተይኝ ማለቷ ነበር። በቃ፣ አትነዝንዢኝ ማለቷ ነበር። ነስሪያ ግን ጨርሻለሁ ያለቻት መሰላት። ይቺ ኸላስ የምትባል ቃል እንደሆነች ለሁሉም ታገለግላለች። ሥራ ሲጠናቀቅም ኸላስ፣ ሰው ሲሰለችም ኸላስ፣ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲያልቅም ኸላስ። ነስሪያ እዚያው ቆማ እልልታዋን አቀለጠችው። «ረሺዳ፣ ልጅሽ ጨረሰችልን!» ግንባሯን ሳመቻት፣ ጉንጯን ሳመቻት። በዚያ ሁሉ መሳም መካከል «ኧረ አልጨረስኩም» የሚል አንጀት ያለው ማን ነው? ነገ እደውላለሁ አለች ሲቲና ለራሷ። ነገ፣ ነገ ስትል ሁለት ሳምንት አለፈ።

የጣሪያው በር ተከፍቶ አብዱልገኒ አራት ወንበር ተሸክሞ ገባ። ዛሬ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ነው።

«የሦስተኛ ፎቁ ኢንጂነር ትናንት ምን አለኝ መሰላችሁ?» አለ። «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ከፈለግህ ምድር ቤት ያለውን የመኪና ማቆሚያ ላስለቅቅልህ አለኝ። እኔ ደግሞ፣ መርሲ ሙስዩ፣ እኛ ኸይማ አለን አልኩት። ኮራ ብዬ!»

«ጎሽ!» አለች ረሺዳ። «ናጡር ሁልጊዜ ተለማማጭ ነው ያለው ማን ነው?»

ሲቲና ከእነሱ ፈቀቅ አለች። የስልኳን የአየር ሁኔታ ከጠዋት ጀምሮ ለሃያኛ ጊዜ ከፈተችው። እሁድ፣ ከባድ ዝናብ፣ ኃይለኛ ነፋስ። ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ያው ነው። «ስልክ ደውዬ ልምጣ» ብላ ከውሃ ታንከሮቹ ጀርባ ዞረች።

«አሎ፣ አቡ ኢልያስ? ለነገ ኸይማ ፈልጌ ነበር። እባክህ።»

«ለነገ?» ሰውየው ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። «ሰማዩን አላየሽውም የኔ ልጅ? ያለኝ ሁሉ ከሐሙስ ጀምሮ ተወስዷል። ኸላስ።»

ታንከሩን ተደግፋ ቆመች። ስልኳ እጇ ላይ ነዘረ፤ ከጦይባ የመጣ የድምፅ መልእክት ነው። ጦይባ የነስሪያ ባልንጀራ ናት፤ ማዳሟ ከቤት አታስወጣትም። «ሲቲናዬ፣ ለሙሽራዋ ንገሪልኝ! ማዳሜ እሺ አለች፣ ወላሂ እሺ አለች! ከስምንት ወር በኋላ ነገ ልወጣ ነው እኮ! ጃንጥላዋን ራሱ ሰጠችኝ!» ጦይባ እያለቀሰች ነው የምትስቀው። ሲቲና መልእክቱን ሳትጨርሰው ስልኩን ኪሷ ከተተች።

ስትመለስ እናቷ ጨርቋን ጣል አድርጋ አየቻት። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ሰውየው…» አለች ሲቲና። «የኸይማው ሰውዬ… የለም አለኝ።»

ከዚያ በላይ አላለችም። ውሸትም አልነበረም። የቀረውን ረሺዳ ራሷ ሞላችው።

«ምን? ቃሉን አጠፈ? ለሌላ ሰጠብን? ሐበሻ ናቸው፣ ምን ያመጣሉ ብሎ ነዋ! ዓይኑን በጨው ያጠበ!»

ሲቲና አንገቷን ደፋች። እንዴት ቀላል ነው! አንድ ቃል ሳትጨምር ጥፋቱ ከእሷ ላይ ወርዶ አቡ ኢልያስ ላይ ሄደ። ለአንድ አፍታ ቅልል አላት። ደግሞስ ማዳምሽን አቅርቢ ያላት ሰውዬ አይደል? ይበለው!

አብዱልገኒ ግን ወንበሮቹን አስቀመጠና ጃኬቱን አነሳ። ጥርሱ ሁሉ ተከድኗል።

«ሱቁን አውቀዋለሁ» አለ።

«ሄደህ ምን ልትሆን?» አለች ረሺዳ።

«ዓይኑን እያየሁ ልጠይቀው። ሰው ነኝ እኮ እኔም።»

ይሄ ሰው በዚህ ሕንፃ ውስጥ «እሺ» ከማለት በቀር ድምፁ ተሰምቶ አይታወቅም። አሁን በንዴት የጃኬቱ እጅጌ እንኳ አልገባለት አለ። ረሺዳ ዘላ ክንዱን ያዘችው። «ኧረ በአላህ! የመኖሪያ ወረቀትህ ካለፈ ሁለት ወሩ ነው! ሰውየው ፖሊስ ቢጠራብህስ? ነገ ሙሽራ ነህ እኮ!»

«ልቀቂኝ ረሺዳ። ሁልጊዜ ዝም፣ ሁልጊዜ ዝም። ለሰርጌ እንኳ?» ክንዱን አስለቅቆ በሩን ወጣ። ኮቴው ደረጃው ላይ ሲወርድ ይሰማል። አምስተኛ ፎቅ። አራተኛ።

«ጋሽ አብዱልገኒ!» ሲቲና እየሮጠች ወረደች። «ቁም! ሰውየው ምንም አላደረገም! እኔ ነኝ!»

አራተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ሲቲና ከሱ ሦስት ደረጃ ከፍ ብላ የብረቱን መደገፊያ ጨብጣ ቀረች።

«መጀመሪያውኑ አልተከራየሁም» አለች። «ኸላስ ያልኩት ተዉኝ ለማለት ነበር። እናንተ አለቀ ማለቴ መሰላችሁ፣ እኔም ዝም አልኩ።»

ከኋላዋ ረሺዳ ደርሳ ኖሯል። «ሁለት ሳምንት ሙሉ?» አለች፤ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። አብዱልገኒ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ደግሞ መርሲ ሙስዩ እላለሁ» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ለነስሪያ መንገር አላስፈለገም። ደረጃው ድምፅ ያስተጋባል፤ ታች የናጡሩ ክፍል ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሲወርዱ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ አገኟት፤ ሁለት እጇ ሂና ተቀብቶ በላስቲክ ከረጢት ታስሯል።

«ለምን?» አለች ሲቲናን ብቻ እያየች።

ሲቲና ያን ጊዜ ለማንም ያልነገረችውን ተናገረች። ማድሞዋዜሉን፣ ከዚያ ማዳምሽን አቅርቢ መባሏን፣ ስልኩን መዝጋቷን። መሃል ላይ እንባዋ አመለጣት፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። «አፈርኩ እታለም» አለች። «እንደገና ልደውልለት አልቻልኩም።»

ነስሪያ ከረጢቶቹን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «እኔን አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ብለውኛል» አለች። «መጥፎ ነው፣ አውቀዋለሁ። ብትነግሪኝ ኖሮ ግን ሌላ ዘዴ እንፈልግ ነበር። አሁን በጣም ተናድጄብሻለሁ። ይሄ እጄ ሂና ባይሆን ኖሮ…» የታሰሩትን ሁለት ከረጢቶች ከፍ አድርጋ አሳየቻት። ረሺዳ ሳቋ አፈተለከ፤ ወዲያው ዋጠችው። ሌላ የሳቀ የለም።

«መኪና ማቆሚያውስ?» አለች ረሺዳ።

«ኢንጂነሩ ጠዋት ወደ ተራራው ወጥቷል፣ ሰኞ ነው የሚመለሰው» አለ አብዱልገኒ። «ዘጠኝ መኪና አለ። በየበሩ ሄጄ መኪናችሁን ነገ አውጡልኝ ብላቸው… እኔ ናጡር ነኝ። እነሱ ናቸው የሚያዙኝ። ቃሉም አይመጣልኝ።»

ሲቲና ጠበቀች። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ አንዱ «ሲቲና፣ ያላ፣ አንቺ ንገሪልን» ይላል። አሁን ግን ማንም አላያትም። እናቷ ወለሉን ታያለች፣ ነስሪያ ከረጢቶቿን ታያለች። ይሄ ከስድብ በላይ አመማት። ውጭ የቆመ መኪና ቆርቆሮ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ቷ ሲል ሰማች። ከዚያ ሁለተኛው።

ፊቷን ጠረገች፤ ሻሿን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች።

«አብሬሽ ልምጣ?» አለች ረሺዳ በሩ ላይ።

«አይ እማ። ብቻዬን ይሻላል።»

አንደኛ ፎቅ ላይ ያለውን ደወል ተጫነች። አንዲት አሮጊት የበሩን ሰንሰለት ሳያነሱ በስንጥቁ አዩዋት። ከእግር እስከ ራሷ ለኳት።

«ምነው ልጄ? የማን ቤት ነሽ? ማዳምሽ ናት የላከችሽ?»

ጆሮዋ ጋለ፤ ልክ እንደዚያን ቀን። እግሯ ወደ ደረጃው ሊዞር ፈለገ። ዘጠኙም በር ላይ ይሄንኑ ሊጠይቋት እንደሚችሉ ገባት።

«ማንም አልላከኝም» አለች፤ በዚያ በድርሰት አንደኛ በምትወጣበት አረብኛ። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ተሰበረ፣ ከዚያ ቀና። «ማዳም የለኝም። ሲቲና እባላለሁ። ነገ አክስቴ የምታገባው አብዱልገኒን ነው፣ ደረጃዎን የሚያጥብልዎትን። ኸይማ ማግኘት ነበረብኝ፣ አጠፋሁ፣ አላገኘሁም። መኪናዎን ለነገ ብቻ ውጭ እንዲያቆሙልን ልለምንዎ መጥቼ ነው።»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት። «ቆይ» አሉና በሩን ገርበብ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ። ቁልፍ ሊያመጡ ይሁን ባላቸውን ሊጠሩ፣ ወይስ እንዲያው ሊተዋት፣ ሲቲና አላወቀችም። ከላይ ዝናቡ ጣሪያውን መደብደብ ጀምሯል። ቆማ ጠበቀች።

«ሲቲና!» የነስሪያ ድምፅ ከታች በደረጃው እያስተጋባ መጣ። «ምን አሉሽ? እሺ አሉ?»

ሲቲና አፏን ከፈተች፤ ያቺ የለመደቻት ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጥታ ነበር። ዋጠቻት።

«ገና ነኝ እታለም!» ብላ ወደ ታች ጮኸች። «አልጨረስኩም!»